የተናኘወርቅ ስምንት የቱቦ ጫፎች

ሰው ሲፈተን አፍን ዘግቶ መመልከት ራስ ከመፈተን እንደሚብስ ያወቅኩት ባለፈው ሐምሌ ነው። ዕድሜዬ ስልሳ ሁለት ነው። ከዚህ ውስጥ አርባውን ዓመት ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቄ፣ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ሳወራ አሳልፌዋለሁ። ገዢ ሲመጣ አወራለሁ፤ ገዢ ከሌለ ከሬዲዮው ጋር እከራከራለሁ። ባለቤቴ ኡሙሰልማ፣ «ሰላሀዲን ዝም ካለ ሐኪም ጥሩልኝ» ትላለች። ይህንኑ ሰው ነው እንግዲህ፣ «አንድ ቃል ከተነፈሱ ሴትዮዋ ትሰረዛለች» ብለው ከወንፊት ሽቦ ጀርባ ያስቀመጡት! አሁን ሳስበው እንኳ ጉሮሮዬን ያሳክከኛል።

ሴትዮዋ ተናኘወርቅ ናት። አፍንጮ በር፣ ፒያሳ ወይም ውቤ በረሃ ውስጥ ባለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት የኤሌክትሪክ መስመር የተዘረጋበት ቤት ካላችሁ፣ ግድግዳችሁ ውስጥ ያለው የሷ የእጅ ሥራ ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን አታውቋትም። የምታውቁት አብርሃን ነው። ፈቃዱ የአብርሃ፣ ማህተሙ የአብርሃ፣ በርክክቡ ወረቀት ላይ ያለው ፊርማም የአብርሃ። አብርሃ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ነው ያለ ከእኔ ጋር ይጣላል። ብቻ «ሥራውን ማን ሠራው?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም፤ እሱም ሳይጠየቅ አልተናገረም።

አጀማመሯ ከአሸዋ ነው። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰች አባቷ ሞቱና፣ ከአፍንጮ በር ወርዳ ግንባታ ቦታ አሸዋ በባሬላ መሸከም ጀመረች። ዓመታት እንዲሁ አለፉ። አንድ ጠዋት ለአብርሃ ግድግዳ የሚቦረቡረው ሰው ሳይመጣ ቀረ። አብርሃ በስልክ ሲራገም ሰማች፤ ባሬላዋን አስቀመጠችና ስካርፔሎውንና መዶሻውን አነሳች። «አሸዋ ከመሸከም ግድግዳ መምታት ይሻላል ጋሽ ሰላሀዲን፤ ቢያንስ የምመታው እኔ ነኝ» ነው ያለችኝ። ከዚያ ቱቦ መቅበር ተማረች፤ ሳጥን ማሰር፣ ሽቦ መሳብ ተማረች። በአምስተኛው ዓመት አብርሃ ጠዋት መጥቶ ቦታውን ያሳያትና ይሄዳል፤ ተመልሶ የሚመጣው ለርክክብ ብቻ ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ፤ እንዲህ ያለውን ማስረዳት ደግሞ እወዳለሁ። ቤታችሁ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ስትነኩ ከጀርባው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ የብረት ሳጥን አለ። ሽቦው እዚያ ሳጥን ድረስ የሚመጣው፣ እኛ ኮንዲዩት በምንለው የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አልፎ ነው። ሳጥኑ በጎኑ ክብ ቀዳዳ አለው፤ የቀዳዳው ጠርዝ ስለት ነው። ቱቦው ከዚያ ቀዳዳ ጋር በደንብ ካልታሰረ ሽቦው ስለቱ ላይ ይተሻሻል፣ ልብሱ ይላጣል፣ ሳጥኑ ኮረንቲ ይይዛል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ዕቃ አለ፤ አዳፕተር ይባላል። ቱቦው አንገቱ ውስጥ ይገባል፣ ጥርሱ በሳጥኑ ቀዳዳ ያልፋል፣ ከውስጥ በዳዶ ይጠብቃል። የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ዕቃ ናት።

ሰፈራችን ግን አዳፕተር አይገዛም! አንድ ቤት ሃምሳም ስድሳም ይፈልጋል። ባለቤቱ «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል? ግድግዳ ውስጥ ማን ያየዋል?» ይላል። ተቋራጩ ትከሻውን ይሰብቃል። እኔም ተከራክሬ ተከራክሬ ሲሰለቸኝ ማስመጣቱን ተውኩት። ከተውኩት አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል።

ተናኘወርቅ በምትኩ የራሷ ዘዴ አላት። የቱቦውን ጫፍ በሳጥኑ ቀዳዳ ታስገባና በላይተር ታሞቀዋለች። ሲለሰልስ በካቻቢቴ እጀታ ዙሪያውን ገፋ ገፋ ታደርገዋለች፤ ጫፉ ወደ ውጭ ይገለበጥና ስለቱን ይሸፍነዋል። «አበባ» ትለዋለች። ይህን የሚያደርጉ ሞልተዋል፤ እንደሷ የሚያሳምረው ግን አላየሁም። አብርሃ እንኳ አንድ ቀን ሱቄ ድረስ ቁራጭ ይዞ መጥቶ አሳይቶኛል።

አምና አብርሃ ሥራ በቃኝ ብሎ መቀሌ ልጁ ዘንድ ገባ። ተናኘወርቅ ከነእጇ፣ ከነመሣሪያዋ ቀረች፤ የምትሠራበት ስም ግን አብሮት መቀሌ ሄደ። ስድስት ወር ሙሉ ያገኘችው ሥራ የተቃጠለ ሶኬት መለወጥ ብቻ ነው። በሰኔ አጋማሽ እትዬ አይናዲስ አስፈለጓት። አፍንጮ በር ካለው አሮጌ ቤታቸው ጀርባ ባለ ሦስት ፎቅ እያሠሩ ነው። ተናኘወርቅን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቋታል፤ መስመሩን ሁሉ እሷ እንድትሠራው ፈለጉ። መሐንዲሳቸው ግን ሳያቅማማ ነገራት።

«የብቃት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ግድግዳዬን አይነካም። ሐምሌ ውስጥ ሥራው ይጀመራል፤ ያኔ ወረቀትሽን ይዘሽ ካልመጣሽ ሌላ ሰው አለኝ።»

ሥራው የሚጀመረው ሰኞ፣ ፈተናው ደግሞ ከሰኞው በፊት ያለው ዓርብ ሆነ። ውጤቱ እዚያው ይነገራል፣ ጊዜያዊ ወረቀት እዚያው ይሰጣል። ካለፈች በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ሕንፃ በራሷ ስም ትሠራለች። ከወደቀችስ? ከወደቀች እዚያው ሕንፃ ላይ አሸዋ የሚሸከም ሰው ይፈለጋል። ፎርማኑ ጠይቋት ነበር። በአርባ አራት ዓመቷ ወደ ባሬላ!

«በፍጹም!» አልኩ ባንኮኒዬን መትቼ። «ልምምዱን እዚሁ እናደርጋለን!»

ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ግቢ አንድ አሮጌ በር አቆምንና ግድግዳ ነው አልነው። እኔ መዛኝ ሆንኩ፣ እሷ ተመዛኝ። መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ አውርጄ፣ ኮስተር ብዬ፣ «ሙሉ ስምሽን ተናገሪ!» እላታለሁ።

«ጋሽ ሰላሀዲን፣ ፖሊስ ጣቢያ አደረጉት እኮ» ትለኛለች።

«ፈተና ላይ ቀልድ የለም! ሙሉ ስም!»

ንድፍ ማንበብ መጀመሪያ አስቸግሯት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቤት የሠራችው አብርሃ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ባደረገው ምልክት ነው፤ ወረቀት እጇ ገብቶ አያውቅም። በሁለት ሳምንት ግን ጥርት አድርጋ አወቀችው። የዕቃዎቹን የእንግሊዝኛ ስም አስጠናኋት፤ ዝናብ ሲመጣ ከታዛው ሥር ሆነን ጮክ ብለን እንደግማለን፣ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ይስቅብናል። የመሬት ሽቦውን ከሁሉ አስቀድማ እንድታስር፣ ጓንትና መነጽር እንዳትረሳ ጨቀጨቅኳት። በልምምዱ ሁሉ የቱቦውን ጫፍ በላይተር አበባ ታደርጋለች፤ እኔም «ማሻአላህ!» እላለሁ። ለሁለታችንም ምንም አልታየንም። አንድም ቀን! ያ በር እስኪሞላ ድረስ አበባ በአበባ አደረግነው።

የፈተናው ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። የምዘና ማዕከሉ ዕቃ ክፍል ነው።

«አዳፕተር ጎድሎብናል አባት። የብረት ሳጥን ላይ የሚገባው፣ ባለ ሃያው። ሃምሳ ፍሬ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ይደርስልናል?»

የለኝም። ግን የአርባ ዓመት ነጋዴ «የለኝም» ማለት ይከብደዋል። «ይደርሳል!» አልኩና ዣንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ከፒያሳ ፈረሳ የተረፉትን ሱቆች አንድ በአንድ አሰስኩ። አንዱ ሳቀብኝ፤ አንዱ ምን እንደሆነ ራሱ አላወቀውም። በአራተኛው ሱቅ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ ካርቶን ወረደልኝ። ካርቶኑን ታቅፌ ታክሲ ውስጥ ስገባ የማስበው ስለ ደረሰኙ ነበር። የታቀፍኩት የተናኘወርቅ ፈተና መሆኑ ትንሽ እንኳ ውል አላለኝም። ያኔ ብደውልላት ኖሮ! ዛሬም ይቆጨኛል።

ማዕከሉ ስደርስ ዕቃውን የሚረከበው መዛኙ ራሱ ነው ተባልኩና ወደ ወርክሾፑ ገባሁ። ስድስት ተመዛኞች በስድስት የእንጨት ግድግዳዎች ፊት ቆመዋል። ተናኘወርቅ አራተኛው ላይ ናት፤ ሰማያዊ ቱታዋን ተኩሳ ለብሳ፣ ራሷን በሻሽ አስራ። ስታየኝ ዓይኗ በራ። መዛኙ ሚኪያስ የሚባል፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው፤ ካርቶኑን ተቀበለኝና በየተመዛኙ ትሪ ላይ ስምንት ስምንት አዳፕተር አስቀመጠ። ተናኘወርቅ ንድፉ ላይ ተደፍታለች፤ ቀና ብላ አላየችም።

እኔ ነገር አልደብቅም። «መምህር፣ አራተኛዋ ደንበኛዬ ናት» አልኩት።

«እንግዲያው ይሂዱ አባቴ።»

«ደረሰኙስ?»

«ፈተናው ሲያልቅ እፈርምልዎታለሁ።»

«በዚህ ዝናብ የት ልሂድ?»

ወደ ደጁ ተመለከተ፤ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። በወንፊት ሽቦ ወደ ታጠረው የዕቃ ማስቀመጫ አስገባኝ፣ በርጩማ ሰጠኝ፣ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁን ማስጠንቀቂያ ሰጠኝና ሄደ።

ሦስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሥራው ይህ ነው፦ አምስት የብረት ሳጥኖችን በንድፉ ልክ ግድግዳው ላይ ማሰር፣ በአራት ቱቦ ማገናኘት፣ ሽቦ መሳብ፣ ማብሪያውን፣ ሶኬቱንና አምፖሉን ገጥሞ መሞከር። አራት ቱቦ ማለት ስምንት ጫፍ ነው። የተሰጠው ጊዜ አራት ሰዓት፣ እስከ ሰባት ሰዓት።

አጀማመሯን ብታዩ! ሜትሮዋን ዘረጋች፣ ውሃ ልኳን አስደገፈች፣ በእርሳስ ምልክት አደረገች። ሌሎቹ ገና ንድፉን እያገላበጡ እሷ ሁለተኛውን ሳጥን አስራለች። የመሬት ሽቦ የሚታሰርበትን ቦታ ለይታ አዘጋጀች። ጓንት፣ መነጽር፣ ሁሉም አለ። አምስተኛው ላይ ያለው ሰውዬ የራሱን ትቶ የሷን ይመለከታል። እኔ ከወንፊቱ ጀርባ እግሬን አንድ ቦታ ማሳረፍ አቃተኝ። ደስታ ሊገለኝ ነው! ይቺን ሴት ማን ይጥላታል፣ አልኩ፤ በልቤ ነው ታዲያ።

ከዚያ እጇን ኪሷ ከተተችና ላይተር አወጣች።

መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም፤ ለዓመታት ያየሁት ነገር ነው። የመጀመሪያውን ቱቦ አንድ ጫፍ አሞቀች፣ ገፋ ገፋ አደረገች፣ አበባው አማረ። ዞራ ሌላውን ጫፍ ስትይዝ ሚኪያስ እርሳሱን አንስቶ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ዓይኔ ወደ ትሪዋ ሄደ። እኔው በዝናብ ተሸክሜ ያመጣኋቸው ስምንት ነጭ አዳፕተሮች እንደተቀመጡ ናቸው። 

«አዳፕተር!» ልል ነው። አፌ ተከፍቷል፣ አየሩ ወጥቷል፣ ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሷል። ሚኪያስ ዞር ብሎ አየኝ። ያንገት ልብሴን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎሰርኩና ነከስኩት። ወላሂ፣ ሳላጋንን ነው የምነግራችሁ። እንዲያ ተናድጄ አላውቅም። በሷ ተናደድኩ፣ «ግድግዳ ውስጥ ማን ያየዋል» ባለው ባለቤት ሁሉ ተናደድኩ፤ ከሁሉም በላይ በራሴ ተናደድኩ። ያንን ዕቃ አሥራ ሁለት ዓመት ከመደርደሪያዬ ያጠፋሁት እኔ፣ በአሮጌው በር ላይ ማሻአላህ ያልኩት እኔ!

ሁለተኛውን ቱቦ ያዘች። ይሄ ወደ ማብሪያው የሚሄደው፣ መሐል ላይ በማዕዘን የሚታጠፈው ነው። አጠፈችው፣ አንዱን ጫፍ አበባ አደረገችው። ከዚያ ብሎን ፈልጋ ሳታይ እጇን ወደ ትሪው ላከች። እጇ ይዞ የተመለሰው ብሎን ሳይሆን አዳፕተር ነው።

አየችው። ገለበጠችው። ንድፉን አንስታ ከግርጌው ያለውን የዕቃ ዝርዝር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ትሪውን አየች፣ ላይተሯን አየች። ቀና ስትል ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤ ያንገት ልብሴ አፌ ውስጥ እንዳለ። ምን ዓይነት ፊት እንደነበረኝ እንጃ፤ በዚያ ጭንቀቷ ውስጥ ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀራትም።

ሰዓቱ አራት ተኩል ሆኗል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሦስቱን አበባ ትታ በቀሩት አምስት ጫፎች ላይ ብቻ አዳፕተር ብታስገባ ማን ይከለክላታል? ነጥብ ይቀነስባት ይሆናል፤ እንደዚያም ሆኖ ታልፍ ይሆናል። እኔ ብሆን እተወው ነበር፣ አልዋሽም። እሷ ግን ሴጌቶዋን አንስታ መቁረጥ ጀመረች።

እሳት የነካው ቱቦ ያብጣል፤ ያበጠ ቱቦ አዳፕተሩ አንገት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አበባውን ብቻ ቆርጣ አይበቃትም፤ ያበጠውን ሁሉ መጣል አለባት። ከየጫፉ ሁለት ጣት ያህል ሄደ። ቱቦው አጠረ። ምትክ ቱቦ አይሰጥም፤ ሳጥኑም ከንድፉ ቦታ አይነቃነቅም። ሌሎቹ እኮ በዚህ ጊዜ ሽቦ መሳብ ጀምረዋል!

የመጀመሪያው ቱቦ ቀጥ ያለ ስለሆነ መላ አላጣችለትም። ትሪው ውስጥ አንዲት መቀጠያ ነበረች፤ ከወዳደቁት ቁርጥራጮች አንዱን ለክታ ቀጠለችው። ልክ ሆነ። ለሁለተኛው ግን ሌላ መቀጠያ የለም። የታጠፈው ቱቦ ከማብሪያው ሳጥን ሁለት ጣት ጎድሎ ቆሟል። ተናኘወርቅ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄደች፣ ክንዷን አጣምራ ቆመች። እኔ አሥር ደቂቃ መስሎኝ ነበር፤ ሚኪያስ በኋላ አንድ ደቂቃ አይሞላም ብሎኛል።

ከዚያ ቱቦውን ከግድግዳው ነቀለችው። ቱቦ ሲታጠፍ እንዳይጨፈለቅ የሚገባውን የሽቦ ሞላ መልሳ ወደ ውስጡ ላከች። ሻሿን ከራሷ ፈታችና ቱቦው የታጠፈበትን ቦታ በሻሹ ታሸው ጀመር። የሐምሌ ብርድ ነው፤ ፕላስቲክ በርዶት ሳለ ከተጣመመ ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀ ደግሞ አበቃ። ላይተሩ እዚያው አጠገቧ ነው፤ አልነካችውም። አሸች፣ አሸች፣ ላቧ በግንባሯ ወረደ። ቱቦው ሲሞቅላት ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ ቀስ እያለች እጥፋቱን አሰፋችው።

ምን እያደረገች እንደሆነ ያኔ ገባኝ! ቱቦ በጠባቡ ማዕዘን ላይ ሲታጠፍ ጥግ ድረስ ሄዶ ስለሚመለስ ብዙ ይበላል። ሰፋ ብሎ ከዞረ ግን ጥጉን ቆርጦ ያልፋል፤ ሰው ሜዳ ሲያገኝ አቋርጦ እንደሚሄደው ማለት ነው። ያተረፈው ርዝመት ወደ ጫፉ ይሄዳል። ይህን በየትኛው መጽሐፍ አነበበችው? መልሳ ግድግዳው ላይ ስታስጠጋው የቱቦው ጫፍ ወደ ሳጥኑ ቀረበ፣ ቀረበ፣ አዳፕተሩ አንገት ውስጥ ገባ። ዳዶውን ከውስጥ አጠበቀችው።

ከበርጩማዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ድምፅ ግን አላወጣሁም! ሚኪያስ ጣቱን ቀሰረብኝ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ሽቦ መሳብ ስትጀምር ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሻሿ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ፀጉሯ ተበትኗል፣ ፒንሳው እጇ ላይ አያርፍም። የመሬት ሽቦውን በአምስቱም ሳጥን አዳረሰች። ማብሪያ፣ ሶኬት፣ የአምፖል መያዣ። እኔ ሰዓቴን ባየሁ ቁጥር የሚሮጥ ይመስለኛል፣ ልቤም አብሮት። ሰባት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ካቻቢቴዋን አስቀምጣ እጇን አነሳች።

ሚኪያስ የመጀመሪያውን ቱቦ በሁለት እጁ ይዞ በሙሉ ክብደቱ ሳበው። አልተነቃነቀም። ሁለተኛውን ሳበ፤ እሱም። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ጣቱን በየቀዳዳው ዙሪያ አዞረ። የመሬት ሽቦውን በመሣሪያ ለካ። ኮረንቲ ለቆ ማብሪያውን ተጫነ፤ አምፖሉ በራ። ከዚያ ወረቀቱን ያዘና ፊቷ ቆመ።

«አንድ የቃል ጥያቄ አለኝ። መጀመሪያ ሦስቱን ጫፍ በእሳት ሠርተውት ነበር። ጥሩ ነበር፣ አይቼዋለሁ። ለምን ቆረጡት?»

«ዕቃ ዝርዝሩ ላይ ስላለ» በይ! አልኩ በልቤ። አጭር መልስ ስጪውና ውጪ!

ተናኘወርቅ እጇን በቱታዋ ጠረገች። «መምህር፣ ከሰባት ዓመት በፊት ውቤ በረሃ አንድ ምግብ ቤት ሠርቼ ነበር። ቱቦዎቹን እንዲሁ በእሳት ነው ያሰርኳቸው፤ ያምሩ ነበር። ሽቦ ስስብ አንዱ ጫፍ ታጥፎ ከሳጥኑ ወጥቷል፤ ግድግዳው ተለስኖ ስለነበር አላየሁም። ሽቦው ስለቱ ላይ ተኝቶ ከረመ። ቤቱ የድሮ ነው፣ የመሬት ሽቦ የለውም። አንድ ቀን አስተናጋጇ ፍሪጁን ልትሰካ ስትል ሳጥኑ ያዛት። ተርፋለች። ግራ እጇ ግን ዛሬም በደንብ አይጨብጥም።»

ይህን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። ዝም በይ፣ ተናኘወርቅ፣ ስለ አላህ ዝም በይ! ሰው በገዛ ፈተናው ላይ እንዲህ ያወራል?

«ማን ተጠየቀ?» አላት ሚኪያስ።

«ፊርማው የአለቃዬ ነበር፤ እሱ ተጠየቀ፣ ከፍሎ ታረቀ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ከዚያ በኋላም በእሳት መሥራቴን አልተውኩም። የተሻለ አድርጌ እሠራዋለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። አዳፕተር ይገዛ ብዬ ጮኬ አላውቅም፤ የምጠየቀው እኔ አይደለሁማ። ዛሬም እጄ ለምዶት ሠራው።» ቱቦውን በጣቷ ነካ አደረገችው። «ወረቀቱ ላይ ግን ዛሬ የኔ ስም ነው ያለው። ስሜ ባለበት ያንን መተው አልቻልኩም።»

 ሌሎቹ አምስቱም ዞረው ያይዋታል። እኔ አፈርኩም፣ ኮራሁም፤ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም። ሚኪያስ ረጅም ነገር ጻፈ። ኧረ ስንት ይጽፋል ይሄ ልጅ!

«በተሳሳተ ዘዴ ስለጀመሩ ነጥብ ቀንሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ስህተቱን ራስዎ አግኝተው ራስዎ አርመዋል፤ አሠራሩም፣ ሙከራውም ትክክል ነው።» እርሳሱን ኪሱ ከተተ። «ብቁ ነዎት።»

አራት ሰዓት የታፈነ ድምፄ አንድ ጊዜ ወጣ። እልል አልኩ! ወንድ እልል አይልም የሚል ካለ ሱቄ ድረስ መጥቶ ይክሰሰኝ። አምስተኛው ላይ ያለው ሰውዬ አጨበጨበ። ተናኘወርቅ አልጮኸችም፤ የመሣሪያ ሳጥኗ ላይ ቁጭ አለችና ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሚኪያስ ደረሰኜን የፈረመልኝ ቆሜ እያየኋት ነው፤ ወረቀቱን እንዴት እንደተቀበልኩት አላስታውስም።

ጊዜያዊ ወረቀቷን ይዛ ስትወጣ ከደጃፉ ታዛ ሥር ቆመን እትዬ አይናዲስ ጋ ደወለች። ዝናቡ ስለሚጮህ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እትዬ አይናዲስ፣ ተናኘወርቅ ነኝ። አለፍኩ።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! እንኳን ደስ ያለሽ! ቆይ፣ መሐንዲሱ እዚሁ ነው፣ ይኸው ልስጥሽ።»

የወረቀት ድምፅ ተሰማ። «ጥሩ ነው» አለ መሐንዲሱ፣ ደስታም ቁጣም በሌለው ድምፅ። «የሰኞውን ቅጽ እየሞላሁ ነው። በዚህ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠየቀው ማነው? ማን ብዬ ልጻፍ?»

ተናኘወርቅ ወረቀቷን ዝናብ እንዳይነካው ቱታዋ ውስጥ ከተተችው፤ ዚፑን እስከ አንገቷ ዘጋችው። ፊቷን አየሁት፤ ፍርሃትም ነበረበት፣ ግን ወደኋላ የሚል ሰው ፊት አይደለም።

«ተናኘወርቅ ገብረዮሐንስ ብለው ይጻፉ» አለች። «የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

መሐንዲሱ በዝናቡ ድምፅ የአባቷ ስም አልተሰማውም መሰለኝ፣ እንደገና ጠየቃት። እሷም ፊደል በፊደል እየጠራች ነገረችው።